በር የማያልፈው ከበሮ

የፖስታው ሠረገላ ድልድዩ ጋ ገና በቅጡ ሳይቆም ሃምሳ አለቃው ወረደና ጣሪያው ላይ የታሰረውን ከበሮ መፍታት ጀመረ። ነጂው ፈረሶቹን እየተሳደበ፣ "ቀስ ይበሉ እንጂ ጌታዬ፣ ዕቃ ያለዎት እርስዎ ብቻ አይደሉም" አለው። ሃምሳ አለቃው ሳል ከያዛት አንዲት ሴትና ከሁለት ጆንያ ሽንኩርት ጋር ተጣብቦ ሲንገላታ ስላደረ ለመናገርም ለመቆጣትም አቅም አልነበረውም። ከበሮውን በጀርባው ተቀበለ፣ ጠፍሩን በደረቱ አሻግሮ አጠበቀና ዳገቱን ተያያዘው።

ትልቅ ከበሮ ነው። ከኋላ የሚያየው ሰው ከበሮ እግር አውጥቶ ሲሄድ ያየ ይመስለዋል። ዙሪያው ድሮ ሰማያዊ ቀለም የተቀባ ነበር፤ የጦሩ ምልክት የነበረበት ቦታ አሁን ተፍቋል፣ ጠርዙ ላይም የጥቁር ጨርቅ ቅዳጅ በምስማር ስር ቀርቶ ይታያል። ሃምሳ አለቃው ያንን ቅዳጅ ለመንቀል ስንት ጊዜ አስቦ ስንት ጊዜ እንደተወው እሱው ያውቃል። መንቀል የአንድ ደቂቃ ሥራ ነበር፤ እንዲህ ያለው ሥራ ደግሞ የትም አይሄድም እየተባለ ዓመት ይፈጃል።

ዳገቱ ወገብ ላይ ደጃፏ ተቀምጣ የነበረች አንዲት ሻማ ሻጭ አሮጊት ከበሮውን ስታይ ብድግ አለች።

"እኔን! ደግሞ ማን ሞተ?"

"ማንም አልሞተም እናቴ። ሠርግ ነው።"

"ሠርግ?" አለች። ከበሮውን አየች፣ እሱን አየች። "እስቲ ይሁንልህ" ብላ ተመልሳ ተቀመጠች፤ እንዳላመነችው ግን ፊቷ ይናገር ነበር።

ሴትየዋ አትፈረድም። ከጦርነቱ በፊት ይህ ከበሮ የጦሩ ማርሽ ሙዚቀኞች ጓድ አውራ ነበር፤ በዕረፍት ቀን አደባባዩ ላይ ሲመታ ከተማው ነገር ዓለሙን ትቶ ይወጣል። ጦርነቱ ሲመጣ ግን ለማርሽ ጊዜ ያለው ጠፋና ጓዱ ቀብር ላይ ተመደበ። ከበሮው ጥቁር ለበሰ። አስከሬን ከግንባር ሲመጣ ተሸካሚዎቹ ከፊት፣ ጓዱ ከኋላ ሆኖ ከባቡር ጣቢያው ይነሣል፤ ሟቹ የኖረበት ቤት ደጃፍ ላይ ይቆማል፣ ቤተሰቡም መርዶውን የሚሰማው ያኔ ነው። ቀድሞ የሚነግር አልነበረም። ስለዚህ ከበሮው በአንድ መንገድ ብቅ ባለ ቁጥር ሴቶቹ መስኮት ላይ ቆመው የት እንደሚቆም ይጠብቁ ነበር፤ ቤታቸውን ሲያልፍ እፎይ ይሉና እፎይ በማለታቸው ያፍራሉ። ሃምሳ አለቃው እነዚያን ፊቶች ጦርነቱ እስኪያልቅ ድረስ እያየ ኖረ። ለዚህ የሚሰጥ ሜዳሊያ አልነበረም፣ ቢሰጡትም አይፈልገውም።

የዛሬዋ ሙሽራ ቤት ከዳገቱ ጫፍ ላይ ነው፤ ቀና ብሎ መስኮቷን አየ። ተከፍቷል፣ ነጭ መጋረጃ ወደ ውጭ ይውለበለባል። አንድ ቀን ቤቷ ፊት ቆሞ ይኸው መስኮት ሲዘጋ አይቷል። ያን ቀን ያየውን ለማንም ነግሮ አያውቅም።

ግቢው ውስጥ የድሮ ጓደኞቹ ከግድግዳው ጥላ ስር ተደርድረው ነበር። ሻምበሉ፣ የጓዱ መሪ፣ የደንብ ልብሳቸውን ለብሰዋል፤ ቁልፎቹ ተወልውለዋል፣ ልብሱ ግን ከትከሻቸው ሰፍቷል። የመድፍ ድምፅ ግራ ጆሯቸውን ጨርሶ ወስዶ የቀኙንም አጋምሶባቸዋል። አጠገባቸው ክላርኔት ነፊው "ቀጭኑ" ቆሟል፤ ስሙ ከወጣለት በኋላ ሆዱ ቀድሞት የሚሄድ ሰው ሆኗል፣ ስሙን የሚለውጥለት ግን አልተገኘም።

"ሃምሳ አለቃ!" አሉ ሻምበሉ፣ ጮክ ብለው። "ዘገየህ!"

"ሠረገላው ነው ሻምበል።"

"ምን?"

"ሠረገላው!"

"እኔም ደህና ነኝ፣ ተመስገን" አሉ ሻምበሉ። ቀጭኑ ሳቁን በክላርኔቱ ሸፈነ።

ሙሽራው ከውስጥ ወጣ። የጓዱ ጡሩምባ ነፊ የነበረ ነው፤ ጦርነቱ ሁለት የፊት ጥርሶቹን ስለወሰደበት ጡሩምባውን ትቶ ባርኔጣ ሻጭ ሆኗል። ወላቃው ይሉታል፤ ሰው ሳይቀድመው እሱ ራሱ ነው ስሙን ያወጣው። ሃምሳ አለቃውን አቅፎ ሳመው፣ ከዚያም ክንዱን ይዞ ወደ ውሃ በርሜሉ ገለል አደረገው።

"መጣህልኝ" አለ።

"ጠርተኸኝ የለ።"

ጠርቶታል። ባለፈው ወር ወላቃው ራሱ፣ ሃምሳ አለቃው ቆዳ ከሚፍቅበት ማልፊያ ቤት ድረስ፣ አፍንጫውን በመሐረብ ይዞ፣ እግሩን እያነሣ በቆሻሻው ውሃ መሐል መጥቶ ነበር። ያኔ ብዙም አላወሩም። በዚያ ሽታ መሐል ብዙ ማውራት አይቻልም።

"እውነቱን ልንገርህ" አለ ወላቃው። "የጠራችህ እሷ ናት። እኔ ሌላ ከበሮ መቺ አይጠፋም ብያት ነበር። ያለ እሱ ከበሮ ከቤት አልወጣም አለች። ሌላ አይጠፋም ያልኩት ፈርቼ ነው።"

"ምን ፈርተህ?"

"አንተን ነዋ። ማንን እፈራለሁ?" ባርኔጣውን አዙሮ አዙሮ ያዘ። "እሷ ልብ ውስጥ ከአንተ ቀጥሎ ሁለተኛ ተራ ላይ ቆሜ እንደነበር አውቃለሁ። ድሮም ስታይህ ፊቷ እንዴት እንደሚሆን እኮ ከአንተ ጎን ቆሜ አይቻለሁ። አንተ ዝም ብለህ ጠፋህ፣ እኔ ዝም ብዬ ቆየሁ። ይኸው ነው የኔ ጀግንነት።"

"ሥራዬን ሠርቼ በማታው ሠረገላ እሄዳለሁ" አለ ሃምሳ አለቃው። "አትፍራ።"

የመጣውም ለዚሁ ነበር። ከቤቷ ጋብቻው እስከሚፈጸምበት የከተማው አዳራሽ ደጃፍ ያለውን መንገድ ሳይዋረድ መትቶ፣ ፊቷን ብዙ ሳያይ፣ ሳይጠይቅና ሳይጠየቅ ወደ ቆዳው ሊመለስ ቆርጦ ነው የመጣው። አንዲት ቀን ናት፣ ታልፋለች ብሎ ራሱን አሳምኗል።

ከውስጥ አንዲት ሴት ወጥታ፣ "ከበሮ መቺው ጠፍሩን ይዞ ይግባ ተባለ" አለች። ያኔ ነው ጠፍሩ ከመቆንጠጫው አጠገብ ሊበጠስ ጥቂት ክር እንደቀረው ያየው።

ሙሽራዋ የስፌት ክፍሏ ውስጥ፣ በእግር ከሚሽከረከረው መኪናዋ ፊት፣ በነጭ ቀሚሷ ላይ አሮጌ ሽርጥ አስራ ተቀምጣለች። የጓዱን የደንብ ልብስ ሁሉ የሰፋችው በዚህ መኪና ነው። ለከበሮው ጥቁር ጨርቅ የሰፋችለትም እሷ ናት፤ ታዘዘች፣ ሰፋች። ቀና ብላ አየችውና ቀጥሎ ወደ እጁ አየች።

"አምጣው። ከመስኮት አይቼው ነው። መሐል መንገድ ላይ ተበጥሶ ጉድ ልታደርገኝ ነው?"

ሰጣት። ቆዳውን በወፍራም መርፌ ወጋችው። ጸጉሯ ጆሮዋ አካባቢ ሸብቷል።

"አርጅተሃል" አለች ሳታየው።

"አንቺ አላረጀሽም።"

"ውሸት ድሮም አትችልበትም።" ክሩን ሳበች፣ በጥርሷ በጠሰች፣ ጠፍሩን ግን አልመለሰችለትም፤ ጭኗ ላይ አድርጋ ያዘችው። "አንድ ነገር ልጠይቅህ ነው የጠራሁህ። ነገ የሰው ሚስት ነኝ፣ ነገ አልጠይቅህም። ጦርነቱ ሲያልቅ ለምን አልመጣህም? ሁሉም መጣ። ወንድሜ መጣ፣ ወላቃው መጣ፣ ቀጭኑ እንኳ ሚስቱን እየፈራም ቢሆን መጣ። እኔ እዚህ መስኮት ላይ ቆሜ እግሬ እስኪዝል ጠበቅሁህ።"

መስኮት የሚለው ቃል ሆዱ ውስጥ የቆየውን ነገር ቀሰቀሰው። ለዘመናት የታመቀ ቁጣ መስሎት ነበር፤ ሲወጣ ግን ድምፁ የደከመ ሰው ድምፅ ነበር።

"መጥቼ ነበር። መስኮቱን ዘጋሽብኝ።"

እጇ ጠፍሩ ላይ ቀረ። "መቼ?"

ሊመልስ አፉን ሲከፍት በሩ ተበረገደና ወንድሟ ገባ፤ ፊቱ የቀላ፣ ድምፁ የሚያስተጋባ፣ የጉምሩክ ጸሐፊ የሆነ ሰው ነው። "እቴ፣ የሚያጋባችሁ ሹም አዳራሽ ውስጥ ሰዓቱን እያየ ነው አሉ! ምን እየሠራሽ ነው? ሽርጥሽን አውልቂ እንጂ! አንተ ሃምሳ አለቃ፣ ሰላም ነው? ና ውጣ፣ ውጣ።" ክንዷን ይዞ አስነሣት። እሷም ጠፍሩን ሰጠችውና፣ ዞር ብላ እያየችው፣ ተጎትታ ወጣች።

ሰልፉ ግቢው በር ላይ ተዘጋጀ። ሻምበሉ ከፊት፣ ሙሽሮቹ ቀጥሎ፣ ጓዱ ከኋላ፣ ዘመድ ከዚያ በኋላ። ሻምበሉ ዘንጋቸውን አነሡ፤ የአደባባዩ ማርሽ ነው የሚመታው ተብሏል። "እግራችሁ ያውቀዋል፣ አትጨነቁ!" ብለው ጮኹ።

አሁን ይህን ልብ ማለት ያስፈልጋል። በማርሽ ጊዜ ከበሮ መቺ የማንንም እግር አያይም፤ ቀና ብሎ ይመታል፣ ሰልፈኛው ይከተለዋል። በቀብር ጊዜ ግን ነገሩ ይገለበጣል። አስከሬን የተሸከመ ሰው ስለማይቸኩል ከበሮው ነው የተሸካሚውን እግር እያየ የሚከተለው። ሃምሳ አለቃው ለዓመታት አንገቱን ደፍቶ እግር ሲያይ ኖሯል፤ የዛሬውንም መንገድ፣ ሳያስበው፣ አንገቱን ደፍቶ ጀመረ። ፊት ለፊቱ የሙሽራዋ ነጭ ጫማዎች ነበሩ። እሷ ደግሞ ልቧ እዚያው ስፌት ክፍል ቀርቶ "መቼ ይሆን?" እያለች ስለምትሄድ እግሯ ከበደ። እሱ እግሯን አይቶ አዘገመ። እሷም ከበሮውን ሰምታ የባሰ አዘገመች። አንዱ ሌላውን እየጠበቀ ዳገቱን መውረድ ያዙ።

የቀጭኑ ጣቶች መጀመሪያ ተከተሉ። ማርሹ ተንቀራፈፈ፣ ከዚያ ማንም ሳያዝዝ፣ ማንም ሳይወስን፣ የቀብሩ ዜማ ሆነ። ሻምበሉ በደንብ ስለማይሰሙ ዘንጋቸውን በኩራት ይወዘውዛሉ። ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን ይዞ ወደ ደጃፉ ወጣ፤ ግማሽ ፊቱ ሳሙና የሆነ ደንበኛውም ተከትሎት ወጣና እጁን አጣጥፎ ቆመ። ጋሪ የሚገፋ ሰው ጥግ ይዞ ራሱን ገለጠ። ፎቁ ላይ አንዲት ሴት መስኮቷን ዘጋች። ሙሽራው ራሱ፣ ባርኔጣ ሻጩ፣ መቼ እንዳወለቀው ሳያውቅ ባርኔጣውን ደረቱ ላይ ይዞ በሐዘን ይራመድ ነበር። ሻማ ሻጯ አሮጊት፣ "አላልኩም?" አለችና ማልቀስ ጀመረች።

ነጮቹ ጫማዎች ቆሙ።

ከበሮው ቆመ። ክላርኔቱ ሁለት ድምፅ ጨምሮ ዝም አለ። ሻምበሉ ብቻ ጥቂት እርምጃ ሄደው ብቻቸውን መሆናቸውን ሲያዩ ተመለሱ። ሙሽራዋ ቀሚሷን በእጇ ሰብስባ ወደ ኋላ ዞራ ወደ ሃምሳ አለቃው መጣች። መንገዱ ሁሉ ጸጥ ብሎ ያያቸው ነበር።

"ያን ቀን" አለች፣ "ከበሮውን ተሸክመህ ነበር?"

"የት ልጥለው? ጓዱ የተበተነ ዕለት ነው። ቀጥታ ወደ አንቺ ነው የመጣሁት።"

"ጀርባህ ላይ?"

"አይደለም፣ ዳገቱ ስለሚከብድ ፊት ለፊት ነበር የያዝኩት።" ይህን ሲናገር ገባው። ያን ቀን ጥቁሩን ጨርቅ ገፍፎት፣ ጦርነቱ አልቆ፣ ልቡ በደስታ ሊፈነዳ ደርሶ ነበርና ከበሮውን ረስቶታል። ከበሮን የሚረሳ ከበሮ መቺ ብቻ ነው፤ ሌላው ሰው ሁሉ ያየዋል።

"ከበሮውን ነው ያየሁት" አለች። "የተሸከመውን ሰው አላየሁም። ቤቴ ፊት መጥቶ ቆመ። የወንድሜ መርዶ ነው አልኩ። እንዳልሰማ መስኮቱን ዘግቼ፣ ጆሮዬን ይዤ፣ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ከፍቼ ሳይ መንገዱ ባዶ ነው። ወንድሜ ከዚያ በእግሩ መጣ። ያ ከበሮ የማን እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም ነበር።"

ወንድሟ ጃንጥላ ዘርግቶ ከኋላ ቆሟል። ምን እንደተባለ ሰምቶ ጃንጥላውን አጠፈው።

የዘጋችው ሃምሳ አለቃውን አልነበረም። ደጃፏ ቆሞ ቢጠራት ኖሮ፣ ስሟን አንዴ ብቻ ቢጠራ፣ እነዚያን ዓመታት ቆዳ ሲፍቅ ባልኖረ ነበር። ይወዳታል፤ ያኔም አሁንም። ቀና ብሎ ወላቃውን አየው። ወላቃው ባርኔጣውን ደረቱ ላይ እንደያዘ ፍርዱን እንደሚጠብቅ ሰው ቆሟል፣ ለመከራከር ግን አንድ እርምጃ እንኳ አልተንቀሳቀሰም። አንድ ቃል ይበቃ ነበር፤ ሦስቱም ያውቁታል።

ቃሉን ቀድማ የተናገረችው እሷ ናት። "ደክሞኛል" አለች ቀስ ብላ፣ ለእሱ ብቻ። "ቅድም ይህን ሳላውቅ እናደድብህ ነበር፣ አሁን መናደጃም የለኝም። ግን ስማኝ። ይህ ሰው በየማታው ሱቁን ዘግቶ እየመጣ ክር ሲጠቀልልልኝ ኖሯል። አልጠራሁትም፣ መጣ። ምንም ሳይለኝ ይጠቀልላል፣ ይሄዳል። ከማን ጋር መኖር እንደምፈልግ ካወቅሁ ቆየሁ። ወደ አዳራሹ እሄዳለሁ። በዚህ እርምጃ ግን አልሄድም። በቂ ሰው ሸኝተናል። እግሬን አትይ። ቀና ብለህ ምታ፣ እኔ እከተልሃለሁ።"

"እንደ ድሮው?"

"እንደ ድሮው።"

እጇን ዘርግታ ከከበሮው ጠርዝ ላይ ያቺን የጥቁር ጨርቅ ቅዳጅ ነቅላ ጣለቻት። ወደ ቦታዋ ተመለሰች፣ የሙሽራውን ባርኔጣ ከእጁ ወስዳ ራሱ ላይ አደረገችለት፣ ክንዱንም ያዘች።

ሃምሳ አለቃው ቀና አለ። አንገቱ አመመው። ከጫማዎቹ በላይ መንገዱ፣ ከመንገዱ ጫፍ የአዳራሹ ጣሪያ፣ በሁለት ቤቶች መሐል የተሰጣ ልብስ ታየው። እጁን አነሣና መታ። የመጀመሪያዎቹ ምቶች ከድንጋይ ይከብዱ ነበር፤ ምክንያቱም ከበሮው አሁን ይመራል፣ የሚመራውም እሷን ወደ ሌላ ሰው ቤት ነው። በፈጠነ ቁጥር እሷ ቶሎ ትደርሳለች። ይህን እያወቀ አፈጠነው። ቀጭኑ ማርሹን አገኘው፣ ሻምበሉ ምን እንደተለወጠ ባይገባቸውም ዘንጋቸውን ወደ ላይ ወረወሩ። ሳሙና የተቀባው ሰውዬ በእግሩ መሬት ይመታ ጀመር። ፎቁ ላይ የተዘጋው መስኮት ተከፈተ። ሃምሳ አለቃው ፊቱ በእንባ እንደራሰ ይታወቀው ነበር፣ ሁለቱም እጆቹ ግን ሥራ ላይ ስለነበሩ አልጠረገውም።

አዳራሹ ደጃፍ ላይ ሲደርሱ የመጨረሻውን ምት መታና ቆመ። ሰው ሁሉ እየተጋፋ ገባ። እሱ ወደ ግድግዳው ዞሮ፣ ቆዳው በመንገድ እንዳይሰነጠቅ፣ የከበሮውን ገመድ ማላላት ጀመረ።

ጥቂት ቆይቶ ወላቃው ብቻውን ወጣ። "ምን ትሠራለህ?"

"ሠረገላው እንዳያመልጠኝ ብዬ ነው።"

"አትገባም?"

"ከበሮው በሩን አያልፍም። አታውቅም እንዴ? ድሮም ውጭ ነው የምቆመው።"

ወላቃው በሩን አየ፣ ከበሮውን አየ። ብዙ የፈራ ሰው ፍርሃቱ ሲያልቅበት የሚመጣው ዓይነት ድካም ፊቱ ላይ ነበር።

"ከበሮውን ማን ጠራው?" አለ። "የጠራነው አንተን ነው።"

ሃምሳ አለቃው እሷ የሰፋችውን ጠፍር በራሱ ላይ አሳልፎ አወጣና ከበሮውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ተወው። ትከሻው ቀሎት፣ እጆቹን የት እንደሚያደርጋቸው ግራ ገብቶት፣ ጓደኛውን ተከትሎ ገባ። በሩ አጠገብ የተቀመጡ ሰዎች ዞረው አዩት። ማንም ማን ሞተ ብሎ አልጠየቀውም፤ አንዲት ሴት ብቻ ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችለት።